«ምን ያደርግልናል?» ላላችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። «ኢትዮጵያ የአዮን አክስለሬተር ያስፈልጋታል። ገዝታ ብቻ ሳይሆን መሥራት ተምራ።» ከዚያ በኋላ የወረደብኝን መዓት ያያችሁ አይታችኋል። «ቲቸር፣ ዳቦ ሳንጠግብ?» «መጀመሪያ ጠመኔ ይሟላላችሁ።» «በዲፕሎማ ደግሞ ስለ አክስለሬተር!» አንዱማ «የት ልትተክለው ነው፣ አፍንጮ በር?» ብሎ ጻፈና ከመቶ ሰው በላይ አሳቀ። እኔንም አስቆኛል፣ አልዋሽም።

ሳቁ ሲያልቅ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ምን ያደርግልናል?» የሚለውን ጥያቄ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ያኔ መመለስ ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። የዝምታዬን ነገር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ረዥም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የዲፕሎማውን ነገር እንጨርስ። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። የማታ ዲግሪ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ፤ ለምን እንደሆነ በአስተማሪ ደሞዝ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ያውቀዋል። ግን እዚህ የምጽፈው ነገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ በደንብ የተማረ ሰው ሊከተለው የሚችል ነው። ስህተት ካለበት ስህተቱን አሳዩኝ፣ አስተካክላለሁ። ወረቀቴን አትጠይቁኝ።

እሺ፣ አክስለሬተር ምንድነው? አቶም ኤሌክትሮን ሲጎድለው ወይም ሲተርፈው አዮን ይባላል። አዮን ቻርጅ ስላለው ቮልቴጅ ይገፋዋል፣ ይስበዋል። አየሩ በወጣለት ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ በቮልቴጅ ብትገፉት እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ብዙ አዮኖች አንድ አቅጣጫ ይዘው ሲወነጨፉ የአዮን ጨረር ይሆናሉ። ቀጥ ባለ መስመር የሚያፈጥነው ማሽን ሊኒያር አክስለሬተር ነው። በቃ። ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ የአዮን ምንጭ፣ ቫክዩም እና ከፍተኛ ቮልቴጅ።

የድሮውን ወፍራም ቴሌቪዥን ታስታውሳላችሁ? ያ ከኋላው ጎባጣ የሆነው፣ እናቶቻችን ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ የሚያስቀምጡበት? እሱም አክስለሬተር ነበር። ባለ ቀለሙ ውስጡ ኤሌክትሮኖችን በ25,000 ቮልት አካባቢ እያፈጠነ ወደ መስታወቱ ይወረውር ነበር። «ለእኛ አይደለም» የምትሉት ነገር ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጦ ድራማ ሲያሳያችሁ ኖሯል።

አሁን ይህን ቁጥር፣ 25,000 ቮልት የሚለውን፣ ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1928 ሮልፍ ቪደሮ የሚባል ኖርዌያዊ ወጣት ጀርመን አገር አኸን ከተማ የዶክትሬት ሥራውን አሳተመ። የሠራው ማሽን 88 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የመስታወት ቱቦ ነው። ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። የተጠቀመው ቮልቴጅ ስንት ነው? 25,000። የቴሌቪዥኑ ቮልቴጅ! ግን በዚያ ቮልቴጅ የፖታሲየም አዮኖችን የ50,000 ቮልት ጉልበት ሰጣቸው። እንዴት? ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አስቡ። ልጁን ከፍ ለማድረግ ግዙፍ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ በትክክለኛው ሰዓት ደጋግሞ መግፋት ነው። ቪደሮም የመሃሉ ቱቦ ውስጥ አዮኑ ተደብቆ እያለ የቮልቴጁ ምልክት እንዲገለበጥ አደረገ። አዮኑ ሲገባ ተሳበ፣ ሲወጣ ደግሞ ተገፋ። አንዱ ቮልቴጅ ሁለት ጊዜ ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ትልልቆቹ የአዮን ሊኒያር አክስለሬተሮች ይህንኑ ግፊት በመቶዎች ጊዜ እየደጋገሙ ነው የሚሠሩት።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ እንግሊዝ ውስጥ ኮክሮፍትና ዋልተን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ፕሮቶን በከፍተኛ ቮልቴጅ ወርውረው የሊቲየምን አቶም ለሁለት ከፈሉ። ሰው በማሽን ባፈጠነው ቅንጣት አቶም ሲከፍል የመጀመሪያው ነው። በ1951 ኖቤል አገኙበት። የማሽናቸው የመስታወት ሲሊንደሮች ከምን የመጡ ይመስላችኋል? ከአሮጌ የቤንዚን መቅጃ። መገጣጠሚያው እንዳያስተነፍስ የለጠፉበት ደግሞ ልጆች የሚጫወቱበት ዓይነት ፕላስቲሲን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊው አልቫሬዝ ትልቁን የፕሮቶን ሊኒያር አክስለሬተር ሲሠራ የተጠቀመው ከጦርነቱ የተራረፈ የራዳር ዕቃ ነው።

እንግዲህ ንገሩኝ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ለምናለሽ ተራ እንግዳ የሆነ? ልጆች የአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ ገብተው የፈለጉትን ዕቃ ፈልፍለው የሚያወጡባት ከተማ ውስጥ ነው እኮ የምንኖረው።

ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ምን ያደርግልናል?

ከእኛው ቤት ልጀምር። አድዋ አጠገብ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ታውቋቸዋላችሁ። በትውፊታችን አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ ቆማላቸዋለች። የውጭ ሊቃውንት ግን ለረዥም ጊዜ «እ.ኤ.አ. ከ1000 ወዲህ የተጻፈ ነው» ይሉ ነበር። በኋላ ከብራናው ትንንሽ ቁርጥራጮች ኦክስፎርድ ሄደው ተመረመሩ። ውጤቱ እንደ ብራናው እ.ኤ.አ. በ330 እና በ660 መካከል የሚውል ሆነ። ትውፊታችን ጻድቁ ኖሩበት የሚለውን ዘመን የሚያቅፍ ማለት ነው። ዛሬ እነዚህ ወንጌሎች በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያላቸው የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

ያንን የፈረደው ዳኛ ማን ነው? የአዮን አክስለሬተር ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፣ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ። ካርቦን 14 የሚባል ጨረር አመንጪ ካርቦን በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ውስጥ አለ። እንስሳው ሲሞት፣ ቆዳውም ብራና ሲሆን፣ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን ከቆጠርክ ዕድሜውን አወቅህ። ችግሩ ከአንድ ትሪሊዮን የካርቦን አቶሞች ውስጥ ካርቦን 14 የሆነው አንድ አካባቢ ብቻ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ በየቦታው ያለው ናይትሮጅን ክብደቱ ከእሱ ጋር አንድ ስለሆነ ያምታታል። ማሽኑ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ካርቦኑን ኤሌክትሮን ጨምሮ አሉታዊ አዮን ያደርገዋል። ናይትሮጅን አሉታዊ አዮን ሆኖ መቆየት አይችልም፤ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ካርቦኑ በሚሊዮን ቮልት እየተሳበ ወደ መሃል ሲደርስ ኤሌክትሮኖቹ ይገፈፋሉ፤ ካርቦን መስለው የመጡ ሞለኪውሎችም እዚያ ይበታተናሉ። አሁን አዎንታዊ የሆነው አዮን ያው ቮልቴጅ በሌላ በኩል ይገፋዋል። እንደ ቪደሮ፣ አንድ ቮልቴጅ ሁለት ጊዜ። መጨረሻ ላይ አቶሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በድሮው ዘዴ ግራሞች የሚቆጠር ናሙና ተቆርጦ መቃጠል ነበረበት። በዚህ ግን ሚሊ ግራም ይበቃል። ለአባ ገሪማ ወንጌል ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ መነኮሳቱን ጠይቁ።

እስቲ አስቡት። የራሳችን ብራና ዕድሜ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ቁራሹን በአውሮፕላን ሰደን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ መልስ ተቀብለን አነበብን። መልሱ ስላስደሰተን ጉዳዩን ረሳነው። ባያስደስተንስ ኖሮ? በምን እንመረምረው ነበር? በቁጣ?

«ዳቦ ይቅደም» ለምትሉኝ። ወንድሞቼ፣ እኔም እንጀራ ነው የምበላው። ግን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ያለው ቺፕ የተሠራው በአዮን አክስለሬተር ነው። ሲሊከን ውስጥ ቦሮንና ፎስፈረስ እየተወረወረ፣ በልክ እየተተከለ። በዓለም ላይ ካሉት ከ30,000 በላይ አክስለሬተሮች አብዛኞቹ ያሉት በፋብሪካና በሆስፒታል ነው፤ ጋላክሲ ለመፈልሰፍ አይደለም። ጃፓኖች በአዮን ጨረር የሩዝና የአበባ ዘር ያሻሽላሉ። ፓሪስ ያለው ሉቭር ሙዚየም ከሥሩ የአዮን አክስለሬተር ተክሎ ቅርሶቹን ሳይጭር ቀለማቸው ከምን እንደተሠራ ይመረምራል። ዳቦና ሳይንስ ተራ የሚጠብቁ ነገሮች አይደሉም። ዳቦውን የሚሸጥልን ሁሉ ማሽኑን ቀድሞ የሠራ ነው።

«አፍሪካ ውስጥ የማይሆን ነገር» ላላችሁት ደግሞ፦ ናይጄሪያ ኢሌ ኢፌ ከተማ ኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የ1.7 ሚሊዮን ቮልት የአዮን አክስለሬተር አለ። ጋና አክራ የአቶሚክ ኢነርጂ ኮሚሽናቸው ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ማሽን አለ። ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ላይ በካርቦን 14 ዕድሜ የሚቆጥር አለ። እኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ሲቋቋም ከገቡት አገሮች አንዷ ነን። ጋናና ናይጄሪያ ከእኛ በኋላ ነው የገቡት። በእንዲህ ዓይነት ማሽን ፕሮቶን አቧራ ላይ ቢወረወር እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ኤክስ ሬይ ይሰጣል፤ እርሳስ ስንት፣ ሰልፈር ስንት፣ ብረት ስንት ተብሎ ይነበባል። ከአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትወጡ አይሱዙ ፊታችሁ ላይ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ አስቡ። ልጆቻችን ምን እየተነፈሱ እንደሆነ እዚሁ መመርመር ዳቦ አይደለም እንዴ?

«እንገዛለን፤ ምን መሥራት ያስፈልጋል?» ያላችሁኝም አላችሁ። ይኼኛው ከሁሉም የበለጠ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ጨዋ ይመስላል።

ጥቁር አንበሳን ተመልከቱ። ለረዥም ዓመታት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ባላት አገር የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር፤ እሱም በኮባልት ማሽን። ሰው ከአገሪቱ ጫፍ እየመጣ ወራት ወረፋ ይጠብቅ እንደነበር የማያውቅ የለም። ዛሬ ጥቁር አንበሳም ጅማም ሊኒያር አክስለሬተር ገብቷል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። (የሆስፒታሉ ማሽን የሚያፈጥነው ኤሌክትሮን ነው፣ አዮን አይደለም። ግን ቫክዩሙ፣ ሞገዱ፣ የመዳብ ክፍሎቹ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።) አሁን ጥያቄዬን ስሙ። እንዲህ ያለ ማሽን ውስጡን ከፍቶ፣ ይኼ ለምን እንደሆነ አውቆ የሚጠግን ሰው እዚህ አገር ካልተፈጠረ ምን ይሆናል? ዕቃው ሲበላሽ ኢንጂነሩ ከባሕር ማዶ ይጠበቃል፤ መለዋወጫው ዶላር ይጠበቅለታል፤ በሽተኛው ደግሞ ሁለቱንም ይጠብቃል። ካንሰር ግን ማንንም አይጠብቅም።

የተገዛ ማሽን ባለቤት የሚኖረው የሚያውቀው ሰው ሲኖር ነው። በየትምህርት ቤቱ፣ በየኮሌጁ ከነካርቶኑ የሚያረጅ የላብራቶሪ ዕቃ አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ። ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ ንብረት ክፍሉ ስብሰባ ላይ። «ይሰበራል» ተብሎ የማይነካ ዕቃ። እንዲህ ባለ ባህል የሚሊዮኖች ዶላር አክስለሬተር ቢመጣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ይሸፈናል። ስለዚህ «ትልቅ ማሽን ነገ ይገዛ» የሚል ባለሥልጣን ቢመጣም ጓደኛው አይደለሁም። በዚህ በኩል ከተሳላቂዎቼ ጋር እስማማለሁ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከትንሹ እንጀምር፣ ግን ሠርተን እንጀምር።

አሁን የዝምታዬን ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩን ግን አስፈቅጄው ነው የምጽፈው። አያቱ ቤት ከነበረ አሮጌ ቴሌቪዥን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ትራንስፎርመር አወጣ። ሰፈራችን ካለ ፍሪጅ ጠጋኝ የወደቀ ኮምፕረሰር ለመነ፤ ገልብጦ አየር መምጠጫ አደረገው። ወፍራም ጠርሙስ አገኘ፣ ሁለት ሽቦ አስገባ፣ በማስቲሽ ዘጋው። አየሩ መጀመሪያ ሲወጣለት ምንም አልሆነም። ያስተነፍሳል። ልጁ ሳሙና ቀብቶ፣ ልክ ጎሚስታ ጎማውን ውሃ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው፣ ቀዳዳውን ሲፈልግ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ትልልቆቹም ቤተ ሙከራዎች እኮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ እነሱ በሳሙና ፈንታ ሂሊየም ይነፉበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ሐምራዊ ብርሃን ወጣ። ጋዙ አዮን ሆነ። ያ ልጅ የአክስለሬተርን ሦስት ነገሮች፣ የአዮን ምንጭ፣ ቫክዩምና ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሰብስቧል። እኔ ያኔ አብሬው ጮህኩ።

ከዚያ የሳይንስ ውድድር መጣ። ዳኞቹ መጡ፣ አዩ። አንደኛው «ያበራል። እሺ፣ ከዚያስ? ለማኅበረሰቡ ምን ያደርጋል?» አለው። ልጁ «ውስጡ ያለው ጋዝ አዮን ሆኗል» አለ። ዳኛው «ገበያ ላይ ይውላል ወይ ነው የምልህ» አለው። ልጁ ዝም አለና ወደ እኔ ዞረ። ዳኛውም ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ መምህሩ፣ «ልጅ ነው፤ ለሚቀጥለው እናስተካክለዋለን» አልኩ።

ያልኩት ይህንን ነው። አንደኛ የወጣው ከካርቶን የተሠራ፣ ከላዩ ውሃ ሲፈስበት አምፖል የሚበራ ግድብ ነበር። በግድቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። ልጁ ግን ጠርሙሱን በፌስታል ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍል ምንም ይዞ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ በሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርሳል። የተከበረ ሥራ ነው። ግን ያንን ሥራ የሚሠራው መርጦት ነው ልል አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ሁለት መስመር ስጽፍ፣ ከዚያ ሁሉ ሳቅና ስድብ መካከል በውስጥ መስመር አንድ መልእክት መጣችልኝ። ከእሱ። «ቲቸር፣ ያኔ ብትለው ጥሩ ነበር» ትላለች። ሌላ ምንም የለባትም።

እንቅልፍ የነሳኝ እንግዲህ ይኼ ነው። የእናንተ ቀልድ አይደለም።

«ትምህርት ቤቱን መጀመሪያ አስተካክሉ» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን ፊት ለፊት ማየት አፍሬያለሁ። ግን ትምህርት ቤቱ በምን ይስተካከል? በሌላ ጥቁር ሰሌዳ? ቫክዩም የሚለውን ቃል ለፈተና የሚሸመድድ እንጂ ቫክዩም ሲያስተነፍስ ሳሙና ቀብቶ ያሳደደ ተማሪ የለንም። ያሳደደው ልጅ ሲመጣ ደግሞ «ገበያ ላይ ይውላል ወይ» እንለዋለን። አክስለሬተሩና ትምህርት ቤቱ ሁለት ጉዳይ አይደሉም። አንዱን ልጅ ከጠርሙሱ እስከ ማሽኑ የሚወስድ መንገድ የለም ነው የምላችሁ።

መንገዱ ምን ሊመስል እንደሚችል ደግሞ በቁም ነገር ልናገር።

ከአፍንጮ በር አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል እዚያ ነው። ከዚያው ከከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። መርካቶ ውስጥ ቶርኖ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ካታሎግ የሌለውን የመኪና ዕቃ በዓይናቸው ለክተው የሚቀርጹ ሰዎች አሉ። የተቃጠለ ሞተር ፈትተው መዳቡን እንደገና የሚጠመጥሙ አሉ። ዘመናዊ የአዮን ሊኒያር አክስለሬተር መነሻው ላይ የሚቀመጠው ክፍል አራት የመዳብ ምላሶች ያሉት ሳጥን ነው። ሐሳቡን ያወጡት በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለት የሶቪየት ሰዎች፣ ካፕቺንስኪና ቴፕልያኮቭ ናቸው። የምላሶቹ ጠርዝ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ይቀረጻል፤ ልዩነቱ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ መሆን አለበት። ይህ የፊዚክስ ሥራ ብቻ አይደለም፣ የቶርኖና የብየዳ ሥራም ነው። ፊዚሲስቱ፣ ቶርኖ ሠሪውና ተማሪው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ብቻ የሚወጣ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች እዚህ አገር አብረው ሻይ ጠጥተው አያውቁም።

የምጠይቀው ይኼው ነው። አንድ፦ ቪደሮ በ1928 የሠራውን፣ ያችን 88 ሴንቲ ሜትር ማሽን፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የሙያ ኮሌጅ ጋር ሆኖ እዚህ ይሥራት። መቶ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ምስጢር የላትም። ሁለት፦ ማንኛውም የአክስለሬተር ግዢ ውል ውስጥ ኢትዮጵያውያን ማሽኑን ከፍተው መጠገን እስኪችሉ የሚሠለጥኑበት አንቀጽ ይግባ፤ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ከሰርተፊኬት ጋር ሳይሆን፣ እጅ የሚያቆሽሽ። ሦስት፦ ሰዎች ሲኖሩን፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ እንደ ጋናና እንደ ናይጄሪያ አንድ የአዮን አክስለሬተር ለአገር ይኑረን፤ ለብራናው፣ ለአቧራው፣ ለአፈሩ። አራት፦ የሳይንስ ውድድር ዳኞች ሆይ፣ «ገበያ ላይ ይውላል ወይ» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ሠራኸው?» በሉ።

የኑክሌር ማመንጫ እንሠራለን ተብሎ በይፋ የተነገረበት ጊዜ ላይ ነን። ያንን ሰምታችሁ ያላሳቃችሁ እኔ 88 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ስል ለምን እንደሳቃችሁ እስቲ አስረዱኝ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ እኔም ከደሞዜ እየተቆረጠ ቦንድ ገዝቼበታለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ግን ተርባይኑ ከውጭ ነው የመጣው። ብርሃኑ የእኛ፣ የሚሽከረከረው ነገር የሰው። ማመንጫውም እንደዚያው እንዲሆን ነው?

ተማሪዎቼ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በአባትነት ሳይሆን በታላቅ ወንድምነት። ይህን አንብባችሁ አሮጌ ቴሌቪዥን እንዳትከፍቱ። ተነቅሎ የከረመ ቴሌቪዥን እንኳ ቮልቴጅ ይዞ ይገድላል። አየር የወጣለት ጠርሙስ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ደግሞ የማይታይ ኤክስ ሬይ ይወጣል። ያ ልጅ የተረፈው በዕድል ነው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ መጮህ ሳይሆን መጠበቅ ነበረብኝ። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ሳይሆን በሚያውቅ ሰው ሥር፣ በፈቃድ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ የምለው። ቤተ ሙከራ ከነፈግናቸው ልጆቹ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ይሠሩታል።

የሆስፒታል ሊኒያር አክስለሬተር ላይ የምትሠሩ የሕክምና ፊዚሲስቶች፣ ቫክዩም ፓምፕ የምትጠግኑ፣ ውጭ አገር አክስለሬተር ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትሠሩ ልጆቻችን፣ ቶርኖ ቤት ያላችሁ፦ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገንዘብ አልጠይቃችሁም። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ ክፍሌ ገብታችሁ የምትሠሩትን ለተማሪዎቼ እንድታሳዩ ብቻ ነው። ውጭ ያላችሁት በቪዲዮ ይሆናል፤ ኔትወርኩ እስከፈቀደ።

አንተ ደግሞ፣ የጠርሙሱ ባለቤት፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ያኔ ማለት የነበረብኝን በሰው ፊት አሁን እላለሁ። የሠራኸው ነገር ትክክል ነበር። ጋዙ አዮን ሆኗል። ለዳኛው መመለስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱ ካልተሰበረ ይዘኸው ና። ለመጀመሪያው እንግዳ መምህር ቀን እያመቻቸሁ ነው፤ የመጀመሪያው እንግዳ አንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።

የቀራችሁት፣ መሳደብም መሞገትም ትችላላችሁ። ሐሳብ ያለው ከታች ይጻፍ፤ የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁም አጋሩት።